የፎቶ ቤት ኔጋቲቭ እጃችሁ ላይ ካለ፦ ከደሴ ያገኘነው ልምድ

ቤታችሁ ውስጥ የድሮ ፎቶ ቤት ኔጋቲቭ (ፎቶ የሚወጣበት የታጠበ ፊልም) ተከማችቶ ካለ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። አባታችሁ፣ አጎታችሁ ወይም የሰፈራችሁ ሰው ፎቶ አንሺ ከነበሩም እንዲሁ። እኔ የፎቶ ሙያ የለኝም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አጎቴ ግን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ዓይናቸው እስኪደክም ሠሩ። የሠሩትንም አልጣሉም። እኔና የአክስቴ ልጅ ያንን ክምር ይዘን እየለየን፣ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥን፣ ለከተማው ሰው እያሳየን ነው። ስንጀምር በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ ፈልገን እዚህ ግባ የሚባል አላገኘንም። ለዚህ ነው ልጻፈው ያልኩት።

መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ስካነር ለመግዛት አትሩጡ። ሰውየውን ያዙ። ፊልሙ ብዙ ዓመት ቆይቷል፣ ትንሽ ቢቆይ ምንም አይሆንም። አጎቴ ግን ሰማንያውን አልፈዋል። ዛሬ ያስታወሱትን ስም ከነገ ወዲያ ላያስታውሱት ይችላሉ። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ (አስፈቅዳችሁ ነው እንጂ) አጠገባቸው ቁጭ በሉ። «ስለ ሕይወትዎ ይንገሩኝ» ብላችሁ ግን አትጀምሩ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሽማግሌ ያደክማል። «ጋሼ፣ ውሃ ሲጠፋ ፊልሙን በምን ነበር የሚያጥቡት?» በሏቸው። ከዚያ በኋላ የምታስቆሟቸው እናንተ ናችሁ።

በነገራችን ላይ መልሱ ጀሪካን ነው። ደሴ ውሃ በፈረቃ መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። አጎቴ ፊልሙን ከሃይፖ (ምስሉን ከሚያጸናው ኬሚካል) አውጥተው በጀሪካን ውሃ ደጋግመው እየለወጡ ያጥቡ ነበር። ውሃ በብዛት ባልተገኘባቸው ጊዜያት የታጠቡት ኔጋቲቮች ዛሬ ወደ ቢጫና ቡናማ ሄደዋል፤ ሃይፖው በደንብ ሳይወጣ ሲቀር ነው እንዲህ የሚሆነው። እናንተም ከአንድ ዘመን የመጡ ኔጋቲቮች ብቻ ተበላሽተው ካገኛችሁ ፊልሙን ከመውቀሳችሁ በፊት የውሃውን ነገር ጠይቁ።

ሁለተኛው ነገር፤ ቅደም ተከተሉን አትንኩ። ፎቶ ቤት ሁሉ መዝገብ አለው። የእኛው ትልልቅ የሒሳብ ደብተር ነው፤ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ስም፣ የፎቶው መጠን፣ ቀብድ፣ ቀሪ። ኔጋቲቩ ደግሞ ቁጥር በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ተቀምጧል። ሰው እንዲህ ያለ ክምር ሲያገኝ «ቆንጆ ቆንጆዎቹን» መምረጥ ያምረዋል። ሠርጉን ለብቻ፣ ሕፃናቱን ለብቻ፣ ጥምቀቱን ለብቻ። እንዲህ ከበተናችሁት ግን ፖስታውና መዝገቡ ይለያያሉ፣ ፎቶውም ስም አልባ ይሆናል። ለእኔ ያለ ስሙ የቀረ ጉርድ ፎቶ ግማሹ ጠፍቷል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መዝገቡን ገጽ በገጽ በስልክ አነሳነው። ከዚያ እያንዳንዱን ፖስታ ከፊትም ከኋላም አነሳን። ከፖስታው ጀርባ ላይ ስንት ነገር አለ መሰላችሁ! «ቀሪ አልከፈለም»፣ «ለአሰብ የሚላክ»፣ «ፊቷን አቅልተህ አውጣ ብላለች»።

የስም ነገር ወሎ ላይ ከባድ ነው። ሰይድ አሊ ብትሉ መንደር ይሞላል። አጎቴም ይህን ያውቁ ነበርና ከስሙ ጎን ምልክት ይጽፋሉ፤ «የወፍጮ ቤቱ»፣ «የቧንቧ ውሃዋ»፣ «ከሐይቅ የመጣው»። እነዚህን ቅጽሎች እንዳሉ ገልብጡ። አታሳምሯቸው፣ አታርሟቸው። ከአርባ ዓመት በኋላ ሰውየውን የሚያስገኘው የአባቱ ስም ሳይሆን ወፍጮ ቤቱ ሊሆን ይችላል።

ቀን ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው፣ መዝገቡ የእኛን። እኛ በፋይሉ ዝርዝር ላይ ሁለቱንም እንጽፋለን፣ የመጀመሪያው ዓምድ ግን የመዝገቡ ቀን ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ይህን ሳታስተውሉ ዝም ብላችሁ 8 ብትደምሩ የዓመቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ በአንድ ዓመት ይዛነፋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቤተሰባችን አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን ያነሱት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። አብዛኛው ጉርድ መሆኑ እውነት ነው፣ ምክንያትም አለው። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጥቶ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ የቀበሌ መታወቂያ መጣ፣ መታወቂያ ደግሞ ጉርድ ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ፎቶ ተነስቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ መጣ። አሮጊት፣ ሸክም ተሸካሚ፣ እንጨት ሻጭ፣ ደረሳ፣ ዲያቆን። በዚያው ዓመት የእድገት በሕብረት ዘማቾች መለዮአቸውን ለብሰው ገቡ። ከ1975 በኋላ ብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱት፣ ቆይቶ ደግሞ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱት ልጆች፣ ዲቪ የሚሞሉት። የመንግሥት ወረቀት በተለወጠ ቁጥር ደሴ ሁሉ ፎቶ ቤት ይሰለፋል። ይህን ከመዝገቡ ላይ በግልጽ ታዩታላችሁ። 1977ን ደግሞ በደንበኛ መጥፋት ታዩታላችሁ፤ ገጾቹ ላይ አንድ ሁለት ስም ብቻ ነው ያለው። የተራበ ሰው ፎቶ ቤት አይመጣም።

ጥቅልሉን ወደ ብርሃን ስናወጣ ግን በየፊልሙ መጨረሻ ላይ ሌላ ነገር አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ለረጅም ጊዜ የሠሩት በባለ ሁለት ዓይኑ ካሜራ ነው፣ «120» የሚባለው አንዱ ፊልም 12 ፎቶ የሚያወጣበት። ዘጠኝ ሰው ተነስቶ ሦስት ቦታ ይቀራል። ደንበኛው ደግሞ ነገ ጠዋት ቢሮ የሚያስገባው ጉርድ ነው፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ሊጠብቅ አይችልም። ሦስቱን ባዶውን ማጠብ ደግሞ የአጎቴ አንጀት አይችልም። ካሜራውን ከእግሩ ላይ ይነቅሉና ወደ በር ይወጣሉ፣ ያገኙትን ያነሳሉ፣ ተመልሰው ጨለማ ክፍል ይገባሉ። በቃ። ይህንን ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አደረጉት።

ውጤቱ ምን እንደሆነ አስቡት። አንድ በር፣ አንድ መንገድ፣ አርባ ዓመት። ቆሎ የምትሸጥ ሴት። ሊስትሮ። ከሰኞ ገበያ በግ እየነዳ የሚመለስ ገበሬ። የወይዘሮ ስህን ተማሪዎች ደብተራቸውን ራሳቸው ላይ ይዘው በዝናብ ሲሮጡ። የመውሊድ ቀን፣ የጥምቀት ማግስት። የጦሳ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኖ ምንም የማይታይበት ፎቶም አለ፤ ለምን እንዳነሱት ስጠይቃቸው «አንድ ቀርታ ነበር» አሉኝ። አጎቴ እነዚህን ፎቶዎች ከቁም ነገር አልቆጠሯቸውም። መዝገቡ ላይ የሉም፣ ገዢ የላቸውማ። ለከተማው ታሪክ ግን ከየትኛውም ሥነ ሥርዓት ፎቶ እነዚህን አስበልጣለሁ። ባለ ሥልጣን ሲመጣ መንገዱ ይጠረጋል፣ ሰው ይሰለፋል። የፊልም ጭራ ላይ ያለው ደሴ ግን ማንም ያላዘጋጀው ነው።

ስለዚህ እናንተም ቤት «ጉርድ ብቻ ነው» ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። የእያንዳንዱን ጥቅልል መጨረሻ እዩ። ችግሩ ብዙ ፎቶ ቤቶች ፊልሙን ቆራርጠው የደንበኛውን ብቻ በፖስታ ያስቀምጣሉ፣ ጭራው የትም ይጣላል። የእኛው በአሮጌ የወረቀት ካርቶን ውስጥ ለብቻው ተከማችቶ ነው የተገኘው። «ቆሻሻ» ተብሎ ሊወጣ ሲል ነው የደረስነው።

ጭራዎቹ መዝገቡ ላይ ስለሌሉ ቀን የላቸውም። ታዲያ እንዴት እንለያቸው? አንዱ መንገድ መንገዱ ላይ ያለው ነገር ነው። ባጃጅ ካለ ፎቶው የቅርብ ነው። ደሴ የአሰብ መንገድ ላይ ስለነበረች በድሮዎቹ ፎቶዎች ላይ ኤንትሬ ከባድ መኪና ሞልቷል፣ ከ1990ው ጦርነት በኋላ አሰብ ሲዘጋ መንገዱ ባዶ ባዶ ይመስላል። የግድግዳ መፈክር፣ የመኪና ታርጋ፣ የሱሪ ስፋት፣ አፍሮ ጸጉር፣ ሁሉም ይናገራል። ዛፍ ግን ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ባሕር ዛፍ በየፎቶው ላይ እየረዘመ ሲሄድ የትኛው ፎቶ ቀድሞ እንደተነሳ ለማወቅ ጥሩ መለኪያ ነው፣ እስኪቆረጥ ድረስ።

ሁለተኛው መንገድ ኮቱ ነው። ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጥቁር ኮትና ክራባት ተሰቅሎ ነበር፣ የፈለገ ደርቦ እንዲነሳ። ከገጠር የመጣው፣ ሥራ የሚቀጠረው፣ ፓስፖርት የሚያወጣው፣ ሁሉም በዚያ ኮት ነው የተነሳው። ለቀጭን ሰው ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል፣ ለወፍራም ሰው አይቆለፍም። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ ሲጋራውን ሳያጠፋ ኮቱን ለብሶ የግራ ኮሌታውን አቃጠለው። ትንሽ ክብ ቀዳዳ። አጎቴ ይህን እስካሁን ያወራሉ፣ አልረሱለትም። እኛ ግን ያንን ደንበኛ እናመሰግነዋለን። ቀዳዳው ከሌለ ፎቶው ከዚያ በፊት ነው፣ ካለ ከዚያ በኋላ። ከጭራው ጋር ሳይቆረጥ የቀረ ጉርድ ካለና ኮቱን ከለበሰ፣ ጭራውም ቀን አገኘ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ቀዳዳው ሁልጊዜ በለባሹ ግራ በኩል መሆን ስላለበት፣ ኔጋቲቩን ገልብጠን ስካን ካደረግነው ወዲያው ያስታውቀናል። በእናንተም ፎቶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። የመጋረጃው ሥዕል፣ የፕላስቲኩ አበባ፣ የወንበሩ እግር። አንድ ጊዜ ሲሰበር፣ ሲቀደድ ወይም ሲለወጥ ያዙት።

ወደ አያያዙ ልሂድ፣ ብዙ አላስረዝምም። ኔጋቲቭ በጠርዙ ነው የሚያዘው፣ የጣት ቅባት አይወጣም። ንጹሕ የጥጥ ወይም የሐኪም ጓንት ይበቃል። አቧራውን በጎማ መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። በአፍ እፍ አትበሉ፣ ምራቅ አለው። በውሃ አትጠቡ። ሁለት ኔጋቲቭ ተጣብቀው ካገኛችሁ በጉልበት አትላቅቁ፣ ምስሉ ያለበት ጄላቲን ተልጦ ይቀራል፤ ለብቻ አስቀምጡና የሚያውቅ ሰው ይያቸው። አይጥና በረሮ ጄላቲኑን ይበሉታል፣ ስለዚህ ክዳን ያለው ዕቃ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ አሽትቱ። የድሮ ፊልም ሲበላሽ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ምክንያቱም ከስልሳና ሰባ ዓመት በፊት ጀምሮ የተሠራው አብዛኛው ፊልም አሴቴት ነው፣ ሲፈርስ አሴቲክ አሲድ ያወጣል። የወጣው አሲድ ደግሞ መፍረሱን ያፋጥነዋል። የሚሸተውን ከማይሸተው ለዩት፣ አየር የሚያገኝበት ቀዝቃዛ ቦታ አድርጉት፣ መጀመሪያ የምትገለብጡትም እሱን ይሁን። ፊልሙ ተሸብሽቦ መሠረቱና ጄላቲኑ ከተላቀቁ በኋላ ብዙ ማድረግ አይቻልም። ደሴ ቀዝቃዛ በመሆኗ እኛን ጠቅማናለች። ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ቢሆን ኖሮ ምን ያህሉ እንደሚተርፍ እንጃ። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ከ1940ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተነሳ 35 ሚሊሜትር ፊልም ካላችሁና ጠርዙ ላይ «ሴፍቲ» የሚል ጽሑፍ ከሌለው፣ ናይትሬት ሊሆን ይችላል። እሱ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ነው፤ ከቤት አርቁት፣ መብራት አጠገብም አታድርጉት።

የተቀመጡበትን የላስቲክ ከረጢት ካያችሁ ለውጡት። ለስላሳው ሽታ ያለው ላስቲክ ከጊዜ በኋላ ፊልሙ ላይ ይጣበቃል። እኛ አሲድ የሌለው የአርካይቭ ወረቀት አዲስ አበባ ላይ ፈልገን አጣን፣ ውጭ ያለ ዘመድ ትንሽ ላከልን፣ እሱን ለተጎዱት አደረግነው። የቀረው ንጹሕ ነጭ ወረቀት ውስጥ ነው ያለው። ዋናውን ፖስታ ግን እንዳትጥሉት፣ አጠገቡ ይቀመጥ።

ስለ ስካነር የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ከላይ ብርሃን የሚሰጥ፣ ለፊልም የሚሆን ጠፍጣፋ ስካነር ያስፈልጋል፤ ተራው የቢሮ ስካነር አይሆንም። እኛ የምንጠቀመው ኤፕሰን ቪ600 ነው፣ ያገለገለ ገዝተን፤ 35 ሚሊሜትሩንም 120ውንም ይወስዳል። 120ውን በ2400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበበው የነጥብ ብዛት)፣ 35ቱን በ3200 እናወጣለን። ከዚያ በላይ ማውጣት ፋይሉን ያሳብጣል እንጂ እምብዛም አይጨምርም። ዋናውን በቲፍ (ጥራቱን በማይቀንስ የፋይል ዓይነት) አስቀምጡ፣ ለማሳየት የጄፔግ ቅጂ አውጡ። አንዱ የ6 በ6 ሴንቲሜትር (የ120 ፊልም) ኔጋቲቭ በ16 ቢት ከ50 ሜጋባይት በላይ ይሆናል፣ ሃርድ ዲስክ ስትገዙ ይህን አስሉት። የኔጋቲቩ ደብዘዝ ያለው ገጽ ምስሉ ያለበት ነው፣ የሚያብረቀርቀው ጀርባው ነው። ጭረትና አቧራ የሚያጠፋውን አውቶማቲክ ማስተካከያ ለጥቁርና ነጭ ፊልም አጥፉት፣ ምስሉ የተሠራበትን የብር ማዕድን እንደ ቆሻሻ ስለሚቆጥረው ፊት ያበላሻል።

ስካነር ከሌላችሁ አትቀመጡ። ትንሽ የኤልኢዲ ሰሌዳ ወይም ነጭ አድርጋችሁ የከፈታችሁት የላፕቶፕ ስክሪን በቂ ነው። ስክሪኑ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፣ ነጠብጣቡ ይወጣል። በመሃል ነጭ ፕላስቲክ አድርጉ፣ ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ ክፍሉን አጨልሙ፣ በስልክ አንሱት፣ ከዚያ በስናፕሲድ (የስልክ ፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ) ከርቭስ ውስጥ ነጩን ጥቁር ጥቁሩን ነጭ አድርጉ። ለሕትመት አይሆንም፤ «ይሄ ማነው?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ከበቂ በላይ ነው።

መጠየቁ ራሱ ጥበብ ይፈልጋል። በስልክ አታሳዩ። ሽማግሌ ስልክ ላይ በጣት እየጎተተ አያይም፣ አይቶም ከሆነ «አዎ፣ ደህና ነው» ብሎ ይመልስላችኋል። እኛ በኤፎር ወረቀት ላይ ስድስት ስድስት ፎቶ፣ ከሥራቸው ቁጥር እያደረግን አተምን። ቡና ሲፈላ ይዘን እንሄዳለን። አቦሉ ላይ ማንም ምንም አይልም። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በረካው ላይ ሲደረስ አንዷ «ይሄ ቤት እኮ የእነ እንትና ነበር» ትላለች፣ ሌላዋ «ኧረ የለም፣ እሱማ ከታች ነው» ትላለች፣ እኔ መጻፍ እጀምራለሁ። ስለዚህ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ቤት ጠይቁ። ቤቱ ከታወቀ ሰዎቹ አብረው ይመጣሉ። ካልተስማሙ ሁለቱንም ጻፉ፣ ማን እንዳለውም ጻፉ፣ ዳኛ አትሁኑ።

አንዲት እናት የራሳቸውን የመታወቂያ ፎቶ ሰጥቻቸው አላወቁትም። ገልብጠው አዩት፣ አራቁት፣ አቀረቡት። ከዚያ «ነጠላው የእህቴ ነው» አሉ። «ጥለቱን እኔ ነኝ የፈተልኩት። ለፎቶ ብዬ ተውሼ ነበር... እንግዲያ እኔ ነኛ!» ብለው ሳቁ። ልጆቻቸው እናታቸውን በወጣትነት አይተው አያውቁም ነበር።

የሚያስቅ ብቻ አይደለም። 1969ና 70 ላይ መዝገቡ ውስጥ በወፍራም ቀለም የተሰረዙ ስሞች አሉ። ስጠይቃቸው አጎቴ ጠረጴዛውን አዩና «እለፊው» አሉኝ። ያን ቀን አለፍኩት። ሌላ ጊዜ ራሳቸው አነሱት፤ በዚያ ሰሞን ሰዎች እየመጡ ማን ማን ፎቶ እንደተነሳ ይጠይቁ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ የልጆቹን ስም ሰርዘው ኔጋቲቩን ግን አልጣሉም። ቤተሰቦቻቸው እቤት ያለውን ፎቶ በፍርሃት አቃጥለው ስለነበር፣ ዓመታት ቆይተው መጥተው «ያለህ እንደሆነ አሳድግልን» ያሉ እናቶች ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መቅጃውን አጥፉት። ተናጋሪው ራሱ «አሁን ቅጂው» ካለ ያን ጊዜ ትከፍቱታላችሁ።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ደርሶ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ አልበሙን ያጣም ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ «የእናቴ ፎቶ ይኖራችሁ ይሆን?» እያለ የሚመጣው ሰው በዛ። ይኖረናል ማለት ብቻ አይበቃም፣ ማግኘት አለብን። ያገኘነው ሁሉ የተገኘው በመዝገቡ ነው። ስም፣ ዓመት በግምት፣ ሰፈር ይነግሩናል፣ ቁጥሩን እንፈልጋለን፣ ፖስታው እዚያው ነው። ቅደም ተከተሉን በትነነው ቢሆን ኖሮ አንዱንም አናገኝም ነበር።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ መለጠፍን በተመለከተ ረጋ በሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት ወይም መሸጥ እንደማይቻል ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ የታወቀ ሰው ሲሆን ወይም በአደባባይ የተደረገ ክንውን ሲሆን። በዚህ መሠረት የመንገድ ፎቶ ለመለጠፍ ይቀላል፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ገብቶ የተነሳ ሰው ግን ለራሱ ብሎ ነው የተነሳው። የቅጂ መብት ሌላ ነገር ነው። በአዋጅ 410/1996 ለፎቶግራፍ የሚሰጠው የኢኮኖሚ መብት ጥበቃ ፎቶው ከተነሳ ጀምሮ 25 ዓመት ነው፤ የአብዛኞቹ የአጎቴ ፎቶዎች ጊዜ አልፏል። ይህ ያለፈው የአንሺው መብት ነው። የተነሽውን አይነካም።

ከሕጉ ውጭም ነውር የሚባል ነገር አለ። ያኔ ጸጉሯን ገልጣ የተነሳች ልጅ ዛሬ ሐጃ ሆና ይሆናል፣ ያ ፎቶ እንዲታይ ላትፈልግ ትችላለች። አንዱ ሰውዬ ደግሞ የድሮ ፎቶውን እናሳየው ብለን ከባለቤቱ ጋር ጠርተነው ከጎኑ የቆመችው ሴት ሌላ ሆና ተገኘች። ባለቤቱ ሳቀች፣ እሱ ግን ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ለብቻ ነው የምናሳየው። መታወቂያ ቁጥር፣ የፓስፖርት ወረቀት ወይም አድራሻ የሚታይበትን ፈጽሞ አንለጥፍም። «አውርዱልኝ» ያለ ሰው ካለ ምክንያት ሳንጠይቅ እናወርዳለን።

ሰብስቦ ልግዛችሁ የሚልም ይመጣል። እኛ ጋ የመጣው ነጋዴ መዝገቡን አልፈለገውም፣ «የሚያምሩትን» ብቻ ነበር የፈለገው። አልሸጥንም። አሜሪካ አርካንሶ ውስጥ ሂበር ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ ማይክ ዲስፋርመር የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ሞተ። የገበሬውን፣ የወታደሩን፣ የሕፃኑን ፎቶ ዕድሜውን ሙሉ ያነሳበት የመስታወት ኔጋቲቭ ክምር ያኔ የተሸጠው በ5 ዶላር ነው። ዛሬ ሥራው በትልልቅ ሙዚየሞች ይታያል። ነገሩን የማነሳው ሀብታም ትሆናላችሁ ለማለት አይደለም። አምስት ዶላሩን የሰጠ ሰው ባይኖር ኖሮ ክምሩ ወደ ቆሻሻ ነበር የሚሄደው፣ የእናንተም እንዲሁ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የእኛ ክምር በጣም የሚሳሳው በቅርቡ ዘመን ላይ ነው። የቀለም ፎቶ በማሽን ማሳጠብ ሲመጣ ኔጋቲቩ ከፎቶው ጋር ለደንበኛው መሰጠት ጀመረ። ፎቶ ቤቱ ጋ ምንም አልቀረም። ከዚያ ዲጂታል መጣ፣ ሜሞሪ ካርዱ በሞላ ቁጥር ይጠፋል። ስለዚህ የ1960ዎቹን ደሴ በፎቶ ቤት ታገኛላችሁ፣ የ1990ዎቹን ግን በየቤቱ አልበምና በተቧጨረ የሠርግ ሲዲ ላይ ነው መፈለግ ያለባችሁ። የቀለም ፎቶ ከጥቁርና ነጩ ቀድሞ ይደበዝዛል፣ ሲዲውም ከጊዜ በኋላ አይከፈትም። እነሱን አሁኑኑ ገልብጡ። «የቅርብ ነው» ተብሎ የሚተወው ነው የሚጠፋው።

የተገለበጠውን በሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ ሁለቱ በተለያየ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ። የእኛው አንዱ አዲስ አበባ እኔ ጋ ነው፣ አንዱ ደሴ፣ ሦስተኛው ውጭ ያለው ዘመዳችን ጋ። ፋይሉን በመዝገቡ ቁጥር ሰይሙት እንጂ «ቆንጆዋ ልጅ 2» አትበሉት፣ ከዓመት በኋላ ራሳችሁም አታገኙትም። ዋናውን ኔጋቲቭ ለተቋም መስጠት ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የፎቶ ስብስብ አለው፣ ወመዘክርም (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብቱ) አለ። የትም ብትሰጡ ግን በቃል አይሁን። ስንት ፖስታ እንዳስረከባችሁ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ ቤተሰቡ ቅጂ ሲጠይቅ በምን ሁኔታ እንደሚያገኝ የተጻፈ፣ የተፈረመ ወረቀት ያዙ። አጎቴ በሕይወት እያሉ ዋናው ከደሴ አይወጣም ብለዋል። እኛም ተስማምተናል።

አሁን 1974 ላይ ደርሰናል። ደሴ ያደጋችሁ ካላችሁ ደግሞ እርዱን። ከሸዋ በር ወደ ፒያሳ ስትመጡ ጥጉ ላይ በዚያ ዘመን አንድ ሻይ ቤት ነበር፣ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ያለው። ስሙ ማን ነበር? አጎቴና የአክስቴ ልጅ አልተስማሙም፣ ፋይሉ ላይ ሁለቱንም ጽፌ እየጠበቅሁ ነው።